የ«ኖኖ» ነገር

የከፋ ሰው ቋንቋውን «ካፊ ኖኖ» ይለዋል፤ ኖኖ አፍ ማለት ነው። በፊደላችን ስንጽፈው ሁለቱ «ኖ» መንታ ናቸው፤ ሲነገር ግን ፊተኛው ረዘም፣ ኋለኛው አጠር ይላል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ከፋ-ሞቻ አንዱ ነበር። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደላችን ለጀማሪ ይመቻል፤ «ለ»ን የለየ ሰው «ሉ»ንና «ሊ»ን አይስትም። ጃፓኖች 46 መሠረታዊ የሂራጋና ምልክቶች አሏቸው፤ «ካ»ና «ኪ» በመልክ አይዛመዱም፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መሸምደድ ነው። ታዲያ እነሱ የሚጠብቀውን ድምፅ በትንሽ «ጹ»፣ የሚረዝመውን በካታካና በሰረዝ ያሳያሉ። እኛስ? አንባቢው ያውቀዋል ብለን እናልፋለን! በአማርኛ አፉን የፈታ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል። በካፊ ኖኖ ግን መጥበቁም መርዘሙም ትርጉም ይለውጣል።

ከ1983ቱ ለውጥ ወዲህ ቋንቋው በላቲን ይጻፍ ጀመር፤ ረጅሙ «ኦ» ሁለቴ ይጻፋል፣ አለቀ። ነገር ግን በዘመቻው ፊደል ብቻ የቆጠረች የቦንጋ እናት የልጇን የካፊ ኖኖ መጽሐፍ ስትገልጥ፣ ቃሉ የራሷ ሆኖ ምልክቱ ባዕድ ይሆንባታል። ፊደሉን ማሟላት አይቻልም ነበር ወይ? እኛ ይቻል ነበር ባዮች ነን። አንዳንድ የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊዎች እኮ ለሚጠብቀው ድምፅ ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ያኖሩ ነበር።