ዊሊ ኦሪ

ዊሊ ኦሪ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1935 በፍሬድሪክተን፣ ኒው ብረንዝዊክ ተወለደ) ጡረታ የወጣ ካናዳዊ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሲሆን፣ በብሔራዊ ሆኪ ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 የቦስተን ብሩይንስን መለያ ለብሶ ሞንትሪያል ውስጥ ካናዲየንስን ገጠመ።

ወደ ሊጉ የገባው አንድ ዓይኑ ታውሮ ነው። በወጣቶች ውድድር ሳለ፣ ፓክ የሚባለው ጠንካራ ክብ ጎማ መትቶት የቀኝ ዓይኑን ብርሃን 95 በመቶ አሳጣው። ሊጉ በአንድ ዓይን የሚያይ ተጫዋች ስለማይቀበል ጉዳቱን ደብቆ ያዘ። የግራ ክንፍ ተጫዋች በመሆኑ ከመሐል የሚላክለት ፓክ በማያየው በኩል ይመጣበታል፤ ለመቀበል አንገቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ግድ ነበር። በጥቁርነቱ ከሚደርስበት ስድብ በተጨማሪ፣ ቺካጎ ላይ አንድ ተጋጣሚ በዱላው ጫፍ አፉን መትቶ የፊት ጥርሶቹን አውልቆበታል።

በሊጉ ያደረገው 45 ጨዋታ ብቻ ነው፤ 4 ግብ አስቆጥሮ 10 አመቻችቷል። ይህ ቁጥር ችሎታውን ፈጽሞ አይመጥንም። በሎስ አንጀለስ ብሌድስ ወደ ቀኝ ክንፍ ሲዛወር ፓኩን በደህና ዓይኑ በኩል መቀበል ቻለ፤ በዌስተርን ሆኪ ሊግም በአንድ የውድድር ዘመን እስከ 38 ግብ አገባ። በኋላም ለሳን ዲዬጎ ገልስ ተጫውቶ፣ በ1979 በ43 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

በ2018 የሆኪ የዝና አዳራሽን ተቀላቀለ። ብሩይንስም 22 ቁጥር መለያውን በ2022 ለክብሩ ከአገልግሎት አንስቷል።