ጅረትና የወንዝ ዳር፤ ስለ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት የላቲን ምንጭ

እንግሊዝኛ የምንማር ተማሪዎች ቃላትን አንድ በአንድ በቃል ማጥናት ልማዳችን ነው። ነገር ግን ቃልም እንደ ሰው የትውልድ ሐረግ አለው፤ ዝምድናውም በመልክ ብቻ አይታወቅም። ይህን ለማስረዳት አራት ቃላት መርጠናል፤ እነርሱም ሪቨር (ወንዝ)፥ አራይቭ (ደረሰ)፥ ራይቨል (ባላንጣ)ና ዲራይቭ (ከምንጩ አገኘ) ናቸው። በድምፃቸው ብንፈርድ ሪቨርንና ራይቨልን ወንድማማች እንላቸው ነበር። ታሪካቸው ግን ሌላ ነው።

ራይቨልና ዲራይቭ የወጡት ሪቩስ ከሚባለው የላቲን ቃል ሲሆን፥ ትርጓሜውም ጅረት ወይም የውሃ ቦይ ማለት ነው። ዲራይቭ በመሠረቱ ውሃን ከጅረቱ ጠልፎ መውሰድ ነበር። ሪቫሊስ የሚባሉትም ከአንድ ቦይ ውሃ የሚጠልፉ ሰዎች ነበሩ። ይህን ፍች የጻፈው በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ሮማዊው የሕግ ዐዋቂ ኡልፒያን ነው፤ ጽሑፉም በንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ትእዛዝ በ533 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ ሰዎች በውሃ ተራ መጣላታቸው ስለማይቀር፥ ስሙ የባላንጣ መጠሪያ ሆነ። እንዲያውም ቴሬንስ የተባለው የቴአትር ደራሲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ161 ዓመት ቃሉን በአንዲት ሴት ምክንያት ለሚፎካከር ወንድ ተጠቅሞበታል።

ሪቨርና አራይቭ ግን ሪፓ ከሚለው ቃል የመጡ ናቸው፤ ይኸውም የወንዝ ዳር ማለት ነው። የላቲን ቋንቋ ቀስ በቀስ ወደ ፈረንሳይኛ ሲለወጥ በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚገኘው የ«ፕ» ድምፅ ወደ «ቭ» ስለ ተለወጠ፥ ሪፓ ሪቭ ተባለ። ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፥ ከዚህ ሥር የበቀሉት ሁለቱ ቃላት በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። አራይቭ በመጀመሪያ በመርከብ መጥቶ ከዳር መድረስ ነበር፤ ኋላ ግን በእግርም ሆነ በፈረስ ለሚደርስ ሁሉ ተነገረ።

እንግዲህ ሪቨርንና ራይቨልን ያመሳሰላቸው የአንድ ድምፅ መለወጥ እንጂ የዘር አንድነት አይደለም። በአንጻሩ መንገደኛ መድረሱን የሚናገረው ቃልና የወንዙ ስም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ የቃልን ዘር የምንመረምር ሁሉ፥ መልኩን አይተን ከመፍረዳችን አስቀድሞ በየትኛው ዘመንና በየትኛው ሕዝብ አፍ እንዳለፈ መጠየቅ ይገባናል።