4540፦ ክፍል ውስጥ የሳቅንበት ስህተት ታሪክ



ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተጀመረ ወዲህ በኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «ቲቸር፣ ኖት ይኖራል?» ነበር። አሁን «ቲቸር፣ ፓይተን ጀምሬ ነበር፣ እንዲህ አለብኝ፣ ምን ላድርግ?» ሆኗል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። ጽሑፉ ስለ ፓይተን ታሪክ ነው፤ የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ እዚሁ ቦዲቲ። ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ስለነበሩ ተማሪዎቹ በአንዱ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ይቀመጡ ነበር። የምንማርበት መጽሐፍ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደረሰኝ ፒዲኤፍ ነው። በዚያ ቀን የሠራነው ቀላል ፕሮግራም ነበር፤ የሚድ ውጤት ይጠይቃል፣ የፋይናል ውጤት ይጠይቃል፣ ደምሮ ያሳያል። አንድ ልጅ ከመጽሐፉ ላይ በጥንቃቄ ገለበጠ። ለሚዱ 45፣ ለፋይናሉ 40 አስገባ። ኮምፒውተሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? 4540!

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። መሳቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ «ከመቶ 4540 ያመጣ ተማሪ ዛሬ አየን» አልኩ። ልጁ «ቲቸር፣ እንደ መጽሐፉ ነው የጻፍኩት» አለኝ። «በደንብ እይ፣ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል» አልኩት። በጣቱ እየተከተለ ፊደል በፊደል አመሳከረ፤ ምንም አላገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቹ «4540» ይሉት ጀመር። ከሰዓት በኋላ የምናደርገውን ልምምድ ቀስ በቀስ ተወው። እኔም «ፍላጎት የለውም» ብዬ ዝም አልኩ።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለፓይተን 2 ነበር። ኮምፒውተሮቻችን ላይ የተጫነው ፓይተን 3 ነው። ልጁም አልተሳሳተም፣ መጽሐፉም በራሱ ዘመን ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እንዴት? ታሪኩ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1989 ዓመተ ምሕረት፣ የፈረንጆች ገና ሰሞን ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም የሚባል ሆላንዳዊ፣ አምስተርዳም በሚገኝ ሲደብልዩአይ በተባለ የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም ይሠራል። በበዓሉ ዕረፍት አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ጀመረ። ቀደም ሲል በዚያው ተቋም ኤቢሲ የሚባል ቋንቋ ሲሠራ ከሠሪዎቹ ጋር ነበረ። ኤቢሲ የታሰበው የኮምፒውተር ባለሙያ ላልሆኑ ሰዎች፣ ለጀማሪዎች ነው። ብዙ አልተስፋፋም፤ ጥሩ ጥሩ ሐሳቦቹ ግን ወደ ፓይተን ገቡ። አዲሱ ቋንቋ የካቲት 1991 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሙን ዘንዶ አድርጋችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ አይደለም፤ ጊዶ ይወደው ከነበረው ሞንቲ ፓይተን ከተባለ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ የተወሰደ ነው።

የብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ ከኤቢሲ ነው የሚመጣው። «ቲቸር፣ ለምንድን ነው በክፍተት የሚጣላኝ?» ትላላችሁ። በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የትእዛዞች ቡድን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው በቅንፍ ነው። ኤቢሲ ግን ወደ ውስጥ ገባ በማድረግ ለየው፤ ፓይተንም ይህንኑ ወረሰ። ክፍተቱ ለውበት የተቀመጠ ሳይሆን ትርጉም ያለው ነው። በ«ኢፍ» ሥር ያለውን መስመር አራት ክፍተት ካስገባችሁ፣ ከእሱ ጋር የሚሄደውንም አራት አስገቡ። አንዱን በታብ አንዱን በስፔስ አታደባልቁ። በቃ፣ ግማሹ ችግራችሁ አለቀ።

አሁን ወደ 4540 እንመለስ።

በፓይተን 2 ከተጠቃሚ መረጃ የሚቀበሉ ሁለት ትእዛዞች ነበሩ። አንዱ «ሮው ኢንፑት» ነው፤ የተጻፈውን እንዳለ፣ እንደ ጽሑፍ ይወስዳል። ሌላው «ኢንፑት» ነው፤ የተጻፈውን እንደ ፓይተን ኮድ አስልቶ ውጤቱን ይሰጣል። 45 ብትጽፉለት ቁጥር ነው ብሎ ይወስዳል፤ ለጀማሪ ደስ ይላል። ግን አደጋ አለው። ተጠቃሚው በቁጥር ፈንታ ትእዛዝ ቢጽፍስ? ትእዛዙንም ይፈጽማል! ማንም መንገደኛ የተናገረውን ሁሉ «እሺ ጌታዬ» እያለ የሚፈጽም ዘበኛ አስቡ። እንዲህ ያለ ዘበኛ ያለበት ግቢ ውስጥ ማን ዕቃውን ያስቀምጣል?

ስለዚህ ፓይተን 3 ሲመጣ አደገኛው ቀረ፣ ጥንቃቄ ያለው ደግሞ «ኢንፑት» የሚለውን ስም ወሰደ። ከዚያ ወዲህ «ኢንፑት» የሚቀበለው ሁሉ ጽሑፍ ነው። 45 እና 40 ሁለት ቁጥሮች ሳይሆኑ ሁለት ጽሑፎች ናቸው። ጽሑፍና ጽሑፍ በመደመር ምልክት ሲገናኙ ይቀጣጠላሉ፦ 4540። መፍትሔው አንድ ቃል ናት፤ የተቀበላችሁትን «ኢንት» በሚለው ውስጥ ከትታችሁ ወደ ቁጥር ቀይሩት፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ከሆነ ደግሞ «ፍሎት» በሚለው። ያ ልጅ አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለችው፤ እሷንም መጽሐፉ አልነገረውም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ይህ ለውጥ የመጣው ፓይተን 3.0 ሲወጣ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ኅዳር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ብዙ ነገር አንድ ላይ ተለወጠ። «ፕሪንት» ቅንፍ ግድ ሆነበት። 7 ለ 2 ሲካፈል ድሮ 3 ነበር መልሱ፤ ግማሹን ይቆርጠው ነበር። አሁን 3.5 ሆነ። ለውጡ የድሮውን ኮድ ስለሚሰብር ዓለም ቶሎ አልተቀበለውም። የፓይተን 2 ድጋፍ መጀመሪያ 2015 ላይ ያበቃል ተብሎ ነበር፤ በኋላ ተራዝሞ ጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ቆመ። ከአሥር ዓመት በላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ኖሩ ማለት ነው። የእኛ ፍላሽ ላይ ያለው ፒዲኤፍም የዚያ ዘመን ቅሪት ነበር።

የማካፈሉ ነገር ለጀማሪ ልዩ ትርጉም ስላለው ትንሽ ልቆይበት። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አሊስ የሚባል የማስተማሪያ ፕሮጀክት ነበር፤ ፓይተንን ይጠቀም ነበር። ሠሪዎቹ ፕሮግራም ጽፈው የማያውቁ ተማሪዎችን ቁጭ ብለው ተመለከቱ። ተማሪዎቹ የሚደናቀፉባቸውን ሁለት ቦታዎች አዩ። አንደኛ፣ 1 ለ 2 ሲካፈል 0 መምጣቱ። ሁለተኛ፣ ካፒታልና ስሞል ሌተር መለያየቱ። እነሱም «ተማሪዎቹ ደካማ ናቸው» አላሉም። አሊስ ውስጥ የሚሠራውን ፓይተን አስተካከሉት። የማካፈሉ ችግር ኋላ በዋናው ፓይተንም ውስጥ ተቀየረ።

አያችሁ? ጀማሪ ሲደናቀፍ ቋንቋው የተስተካከለበት ጊዜ አለ። እኔ ግን ጀማሪው ሲደናቀፍ ሳቅኩ።

ሁለተኛው፣ የካፒታል ሌተሩ ነገር፣ እስከ ዛሬ አለ። በሞባይል የምትለማመዱ ልጆች ተጠንቀቁ፤ ኪቦርዱ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ካፒታል ያደርጋታል፣ ፓይተን ደግሞ በካፒታል የጀመረውን «ፕሪንት» አያውቀውም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው፤ ቢያደናግራችሁ አይፈረድባችሁም።

ፊደል ካነሳን አይቀር፣ የዚያው የ2008ቱ ለውጥ ለእኛ ያመጣው ሌላ ነገር አለ። ሰዎች ብዙም አያወሩለትም።

በፓይተን 2 «ሰላም» የሚለውን ቃል ጽፋችሁ ርዝመቱን ብትጠይቁ፣ 9 ይል ነበር። ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ! የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነበር፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በትክክል እንዲቆጥር ከፈለጋችሁ ጽሑፉ ፊት ለፊት ልዩ ምልክት ማድረግ ነበረባችሁ። ኮድ ፋይል ውስጥ የአማርኛ ፊደል ካስገባችሁ ደግሞ፣ አስቀድማችሁ የአጻጻፉን ዓይነት ካላስታወቃችሁ፣ ፋይሉን እንኳ አያነብላችሁም ነበር።

ፓይተን 3 ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ አደረገው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። የእኛ ፊደል እዚያ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ለዚህ ከደከሙት መካከል ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኛሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የራሱ አቆጣጠር ነበረው፤ አንዱ ጋ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ጋ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይሆን ነበር። ዕድሜያችሁ እንደኔ የሆነ ታስታውሱታላችሁ።

ዛሬ በፓይተን «ሰላም» ርዝመቱ 3 ነው። እንዲያውም የቫሪያብል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ «ዕድሜ» ብላችሁ ሰይማችሁ 16 ብትሰጡት ይሠራል።

ሌላው ዘወትር የምትጠይቁኝ «ለምን ከ0 ይቆጥራል?» ነው። በፊደላችን ላስረዳችሁ። በዩኒኮድ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ ተሰጥቷል፤ 7ቱ ለሰባቱ ዘሮች፣ 8ኛው እንደ «ሏ» ላሉ ዲቃላዎች። ስለዚህ «ለ» 4616 ነው። አሁን «ላ»ን እንፈልግ፤ ቁጥሩ 4619 ነው። 4608 ሲቀነስ 11 ይቀራል። 11 ለ 8 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይተርፋል። 1 ማለት ከ«ሀ» ቤት አንድ ቤት አልፎ፣ ማለትም የ«ለ» ቤት። 3 ማለት ከግዕዙ ሦስት እርምጃ አልፎ፣ ማለትም ራብዕ። «ላ»! ከ0 መቁጠር «ስንተኛ ነው?» ሳይሆን «ከመነሻው ስንት እርምጃ ይርቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ሀ» ከራሱ 0 እርምጃ ይርቃል። የፊደል ገበታ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም።

ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የስም ዝርዝር የምትሠሩ ሰዎች መጀመሪያ ፊደሉን ወደ አንድ ዓይነት መልሱ፣ አለበለዚያ አንዱ ተማሪ ይጠፋባችኋል። የግዕዝ ቁጥር «፭»ን ወደ ኢንት ቀይር ብትሉትም አይቀበልም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ አሥርና መቶም የራሳቸው ምልክት ስላላቸው ዩኒኮድ ከ0 እስከ 9 ከሚጻፉት ቁጥሮች ጋር አልመደባቸውም።

ወላይትኛችንስ? በላቲን ስለምንጽፈው የፊደል ችግር የለበትም ትሉ ይሆናል። ግን ጉሮሮ ላይ የሚቆረጠውን ድምፅ ብዙዎቻችን በ7 ቁጥር እንጽፈዋለን አይደል? «ሕይወት» የሚለውን የወላይትኛ ቃል ጽፋችሁ ፓይተንን «ይህ ሁሉ ፊደል ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አይደለም» ይላችኋል፤ መሐል ላይ ቁጥር አየ። ለእኛ ግን ፊደል ነው። ይህን የሚያስተካክል ሰው ከአምስተርዳም አይመጣም። ከእናንተ አንዱ ነው የሚሠራው።

ለማጠቃለል፣ ለጀማሪዎች ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጽሐፍ ወይም ቪዲዮ ስትጀምሩ «ፕሪንት» የሚለው ቅንፍ እንዳለው እዩ። ቅንፍ ከሌለው ጊዜው ያለፈበት ነውና አስቀምጡት። መልሱ ልክ ሳይሆን ሲቀር «እኔ አልችልም» ከማለታችሁ በፊት «ይህ ለየትኛው ፓይተን ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህራን ጓደኞቼም፣ ተማሪ «እንደ መጽሐፉ ነው የጻፍኩት» ሲላችሁ መጀመሪያ መጽሐፉን እዩ።

አንተ ደግሞ፣ «4540» ያልንህ ልጅ፣ ስምህን እዚህ አልጠራም። ይህን ካነበብክ ግን፦ ልክ ነበርክ። በክፍል ፊት ስለሳቅኩብህ፣ ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

እናንተስ፣ የመጀመሪያ ኤረራችሁ ምን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ማንም አይስቅም።