ዋሊያዎቹና ሦስቱ ግብ ጠባቂዎች

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በ2005 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ባስተናገደችው ውድድር ነው። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ካስመዘገቧቸው 23 ተጫዋቾች መካከል ሦስቱ ግብ ጠባቂዎች ነበሩ።

ቡድኑ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም በኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ኳስ ለማራቅ ከግብ ክልሉ ወጥቶ በተጋጣሚው ተጫዋች ላይ በፈጸመው ጥፋት ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። በምትኩ ዘሪሁን ታደለ ገባ። በአሥር ተጫዋቾች የቀረው ቡድን ግብ ቢቆጠርበትም አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 1 ተለያየ።

በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ፣ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው የመጨረሻ የምድብ ጨዋታ ሲሳይ ባንጫ ተሰለፈ። እርሱም በጨዋታው ማብቂያ ላይ በቀይ ካርድ በመውጣቱ የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ ግቡን ለመጠበቅ ተገደደ። ጨዋታው በናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

ግብ ጠባቂ በቡድኑ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ያለው በመሆኑ ተጠባባቂው ተራውን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ግን፣ በኔልስፕሩት እንደታየው፣ ለመዘጋጀት የሚሰጠው ጊዜ የጥቂት ደቂቃዎች ያህል ብቻ ነው።