ድምፅ አሻጋሪ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ሳሎኑን በብርድ ልብስና በፍራሽ ሸፋፍኜ ጓደኞቼን ለመቅረፅ ተሰናዳሁ። ከበሮ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና አንዲት ድምፃዊት። ስምንት ማይክ የሚሰካበት፣ ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር ገዝቻለሁ፤ ሻጩም «ስምንቱንም ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባልሃል» ብሎኛል። አልዋሸኝም፤ ያስገባል። የሚያስገባው ግን ስምንቱን አንድ ላይ ደባልቆ፣ በቀኝና በግራ በሁለት መስመር ብቻ ነው። ማታ ከፍቼ ሳዳምጥ ከበሮው ማሲንቆውን ውጦታል። ከበሮውን ልቀንስ ስል ዘፋኟም አብራ ትቀንሳለች። ሻይ ውስጥ የሟሟ ስኳር ልልቀም የተነሳሁ ያህል ነበር።

የጎደለኝ ዕቃ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይባላል። ቤታቸው የሚቀርፁ ልጆች ብዙዎቹ «ሳውንድ ካርድ» ነው የሚሉት። እውነትም ድሮ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚሰካ ካርድ ነበር፤ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ሆኖም ካርድነቱ አልለቀቀውም። ከማይክ የሚወጣው በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ሳጥኑ መጀመሪያ ያጎላዋል፤ ይህን የሚሠራው ክፍል ፕሪአምፕ፣ በእኛ ቅድመ ማጉያ ነው። ከዚያ ሞገዱን በሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ የመጀመሪያው የሲዲ ልክ ነው፣ ሁለተኛው ለቪዲዮ የተለመደው። ስናዳምጥ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሞገድ ይመልሰዋል።

በአማርኛ ምን እንበለው? ለኢንተርፌስ «በይነገጽ» የሚል ቃል አለን። ለስልክና ለኮምፒውተር መተግበሪያ ጥሩ ነው፤ እዚያ በእርግጥ የምናየው ገጽ አለ። ይህ ሳጥን ግን የሚታይ ገጽ የለውም፣ ያለው መግቢያና መውጫ ነው። «የድምፅ በይነገጽ» ብንል አንባቢ የሚያስበው ስክሪን ነው። እኔ «ድምፅ አሻጋሪ» እላለሁ። ወንዝ ሲሞላ መንገደኛን ከዳር ወደ ዳር የሚያደርሰው ሰው አሻጋሪ ነው፤ ይህም ሳጥን ድምፅን ከአየሩ ዓለም ወደ ቁጥሩ ዓለም ያደርሳል፣ ይመልሳልም። ቃሉ በቅርብ ዘመን ሰው በሚያሻግሩ ደላሎች ስሙ ጎድፏል፤ ጥፋቱ ግን የቃሉ አይደለም።

የቃሉ ጥቅም ስለ መግቢያ ብዛት ስናወራ ይበልጥ ይታያል። የእኔ ሚክሰር ስምንት መንገደኛ አንድ ታንኳ ላይ አጭቆ የሚያሻግር ነበር። ባለብዙ መግቢያ ድምፅ አሻጋሪ ግን እያንዳንዱን በየራሱ ታንኳ ያሻግራል፤ እያንዳንዱ ማይክ የራሱ ትራክ ላይ ይቀመጣል፣ በኋላም ሌላውን ሳይነኩ ከፍም ዝቅም ያደርጉታል። እንዲህ የሚሠሩ ሚክሰሮችም አሉ። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ማይክ ይሰካል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «በአንድ ጊዜ ስንት ትራክ ለየብቻ ይገባል?» ነው ጥያቄው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም ያሳስታል። የፎከስራይትን የሦስተኛ ትውልድ ስካርሌት እንውሰድ። አንዱ 18አይ8፣ ሌላው 18አይ20 ይባላል። የመጀመሪያው ቁጥር የመግቢያ፣ ሁለተኛው የመውጫ ብዛት ነው፤ ሁለቱም 18 መግቢያ አላቸው ማለት ነው። ማይክ የሚቀበል ቅድመ ማጉያ ግን 18አይ8 ላይ አራት ብቻ ነው፤ 18አይ20 ላይ ስምንት። ቀሪው ከየት መጣ? 18አይ8 ላይ አራቱ እንደ ኪቦርድ ላለ ጉልበት ላለው ዕቃ የተሠሩ የላይን መግቢያዎች ናቸው። በሁለቱም ላይ ደግሞ ሁለቱ ዲጂታል፣ ስምንቱ በብርሃን ገመድ የሚመጡ ናቸው። ይህ የብርሃን በር አዳት ይባላል፤ ስሙን የወረሰው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አሌሲስ የተባለው ኩባንያ ካወጣው፣ በቪዲዮ ካሴት ስምንት ትራክ ከሚቀርፀው ማሽን ነው። በ48,000 ልክ ስምንት፣ በ96,000 ልክ አራት ድምፅ ያሳልፋል። ዛሬ ባይጠቅምም ነገ ስምንት ቅድመ ማጉያ ያለው ሌላ ሳጥን በእሱ በኩል መቀጠል ይቻላል። እኔ ብሆን አዳት የሌለው ባለስምንት አልገዛም።

ታዲያ ስንት ያስፈልጋል? የእኔን ሳሎን ልቁጠር። ከበሮ ሁለት ይፈልጋል፤ ሰፊው ፊትና ጠባቡ ፊት የሚሰጡት ድምፅ የተለያየ ነው። ማሲንቆ አንድ፣ ዋሽንት አንድ፣ ዘፋኟ አንድ፣ ተቀባዮችና ጭብጨባው በጋራ አንድ። ኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ ማይክ አይፈልግም፤ እንደ ጊታር በጃክ ገመድ የኢንስትሩመንት መግቢያ ላይ ይሰካል። ሰባት ሆነ። አራት ያለው አይበቃም፣ ስምንት ያለው ይበቃል።

ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን ይህን ሁሉ ወጪ ምን ሊያደርግለት? ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የሠራውን የአኮርዲዮን አልበም አስቡት፤ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ሲንተሳይዘሩን ራሱ ተጫውቶ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ነው የሠራው። እንዲህ ተራ በተራ ለሚደርብ ሰው ሁለት መግቢያ ሞልቶ ይተርፈዋል። በገና ለሚቀርፅማ ከብዛቱ ጥራቱ ይቀድማል። የበገና ድምፅ ዝግ ያለ ነው፤ የእንዝራው ንዝረት እንዲሰማ ማጉያውን በጣም መክፈት ግድ ይላል፣ ርካሽ ቅድመ ማጉያም ሲከፈት አብሮ ሽሽ ይላል። ስምንት ደካማ ከመግዛት ሁለት ንጹሕ መግዛት ይሻላል። ኮንደንሰር ማይክ የሚጠቀም ደግሞ ማይኩ እንዲሠራ የሚፈልገው 48 ቮልት በሁሉም መግቢያ ላይ መኖሩን ይይ።

የጆሮ ማዳመጫ መውጫም አይረሳ፤ ዘፋኟ አንድ፣ ቀራፂው አንድ ይፈልጋሉ። ድምፁ ኮምፒውተር ደርሶ ሲመለስ ስለሚዘገይ ዘፋኝ ይደናገራል። ስለዚህ ከሳጥኑ በቀጥታ የሚያሰማ፣ ዳይሬክት ሞኒተር የሚባለው ነገር ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጉዳይ መብራት ነው። ባለሁለት መግቢያዎቹ ብዙውን ጊዜ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል ይስባሉ። ባለስምንቶቹ ግን በአብዛኛው ከግድግዳ ነው የሚሠሩት፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ አሻጋሪው ግን ቀጥ ይላል። ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት ባለስምንቱን ገዝቼ ጓደኞቼን ዳግም በጠራሁበት ቅዳሜ ነው። ሰባቱም ትራክ ለየብቻው እየገባ ነበር፤ ከበሮና ማሲንቆ በየመስመራቸው ሲጓዙ እያየሁ ደስ ብሎኛል። አራተኛው ዘፈን ላይ ዋሽንቱ ብቻውን እንደገባ መብራት ሄደ።