የተረት ገጸ ባሕርያት ከቃል ወደ ሥዕል
የምዕራብ ጎጃም ተረቶችና የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ተረት የሚነገረው ሲመሽ ነው። ከብት ከገባና እሳት ከነደደ በኋላ አያት ወይም ታላቅ እኅት «ተረት ተረት» ስትል ሕፃናት ተቀብለው ይመልሳሉ። በዚህ ሰዓት ሥዕል የለም። አያ ጅቦን ጅብ የሚያደርገው የተራኪዋ ድምፅ መወፈር ሲሆን፣ እመት ጦጢትን ጦጣ የሚያደርጋት የንግግሯ መፍጠን ነው። የቀረውን እያንዳንዱ ሕፃን በልቡናው ይሥላል። ይህንኑ ተረት በተለምዶ ኮሚክ ወደሚባለው ተከታታይ ሥዕላዊ መጽሐፍ ለማሸጋገር የሚነሣ ሠዓሊ እንግዲህ ቀላል ያልሆነ ኃላፊነት ይቀበላል፤ ብዙ የነበረውን መልክ አንድ ያደርገዋልና። የዚህ ኃላፊነት ክብደት የት ላይ እንደሚያርፍ ለመረዳት፣ ሥዕልና ተረት በሀገራችን የተጓዙበትን መንገድ መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

በተርታ ተሥሎ የሚነበብ ታሪክ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በጣና ዳር በዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ላይ የቅዱሳን ገድልና ተአምር በክፍል በክፍል ተሥሎ፣ በየሥዕሉም አጠገብ ድርጊቱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛል። በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍሎች እየከፈሉ በአንድ ሸራ ላይ ይሥሉ ነበር። ተመልካቹም ከመጀመሪያው ረድፍ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ታሪኩን በዐይኑ ይከተላል። ስለዚህ ኮሚክ የሚለው ስም መጤ ቢሆንም አሠራሩ ፈጽሞ መጤ ነው ለማለት አይቻልም።

ይህ የሥዕል ሥርዐት ገጸ ባሕርይን የሚለይበት የታወቀ ደንብ ነበረው። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዐይኖቹ ሲታይ፣ የእምነት ጠላቱና ርኩስ መንፈሱ ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። በዚህም ፊደል ያልቈጠረው ምእመን እንኳ ደጉን ከክፉው ለመለየት አይቸገርም ነበር። ገጸ ባሕርይ የሚለው ቃላችን ገጽንና ባሕርይን ያጣመረ መሆኑ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። በአውሮፓ የሥዕላዊ ታሪክ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የጄኔቫው መምህር ሮዶልፍ ቶፈርም ወደዚሁ ሐሳብ ደርሷል። ቶፈር አስቂኝ ሥዕላዊ ታሪኮቹን እ.ኤ.አ. በ1833 ማሳተም ጀመረ። በ1845 ባወጣው ጽሑፉም ማንኛውም የተሣለ ፊት፣ አሣሣሉ የቱንም ያህል ያልሠለጠነ ቢሆን፣ አንድ ዓይነት ጠባይ መግለጡ እንደማይቀር አስረድቷል። ፍርድ የማይሰጥ ፊት መሣል አይቻልም ማለት ነው።

ተረቱ በበኩሉ ወደ ጽሑፍ የገባው ቀስ በቀስ ነው። በጎጃም ተወልደው በዚያው በአብነት ትምህርት ቤቶች የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ለብዙ ዓመታት ድምፃቸውን እየለዋወጡ ለሕፃናት ተረት ነግረዋል። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ደራሲዋ ኤልሳቤጥ ሌርድ በብሪቲሽ ካውንስልና በትምህርት ሚኒስቴር ትብብር በየክልሉ እየተዘዋወረች ተረቶችን ሰብስባለች። ከእነዚህም የተማሪ ማንበቢያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት በቀጭኔ አሻንጉሊት የራሱን ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሥራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቀረበ። ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው የተረቱ ቃል ተሰብስቧል፤ የኮሚክም ሙያ በሀገር ውስጥ ተጀምሯል። የሚቀረው የነባሮቹን የተረት ባለቤቶች መልክ በጥንቃቄ መወሰን ነው።

ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው መሪ ራሱ ቋንቋው ነው። ተረቱ ጅቡን «አያ»፣ ጦጣዋን «እመት» ብሎ ይጠራል። «አያ» የታላቅ ወንድም፣ «እመት» የወይዘሮ መጠሪያ ስለሆነ፣ ሠዓሊው ዕድሜንና ማዕርግን ከስሙ ላይ ያገኛል። ጅቡ ታላቅነቱን የሚያስከብር፣ ነገር ግን ሆዱ የሚያዋርደው ሽማግሌ ነው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ምሳሌ ይህንን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሥለዋል፤ ቁርበት ለእንግዳ የክብር መቀመጫ፣ ለጅብ ግን ምግቡ ነውና። ለዚህ ገጸ ባሕርይ የተሾለ ጥርስ ከመደርደር ይልቅ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተዝናንቶ ተቀምጦ የቁርበቱን ጠርዝ በስርቆት የሚያሸት አፍንጫ መሣል የተረቱን መንፈስ ይበልጥ ይጠብቃል። የሰዎቹም መልክ ከአካባቢው ሊወሰድ ይገባል። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ያነገተው የቆሎ ተማሪ፣ ገሳ የደረበው እረኛ፣ ቁንጮ የተተወለት ልጅ ለጎጃም ሕፃን ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን ከአልባሳት የከበደ ነው። በህንድ አገር አናንት ፓይ እ.ኤ.አ. በ1967 «አማር ቺትራ ካታ» የተባሉትን የሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት የጀመረው፣ ልጆች የግሪክን አፈ ታሪክ አውቀው የራማን እናት ስም ሳይመልሱ መቅረታቸውን በቴሌቪዥን የጥያቄ ውድድር ላይ ካየ በኋላ ነበር። መጻሕፍቱ ዓላማቸውን በሰፊው አሳኩ። ሆኖም ጀግኖቹ በፈካ፣ አጋንንቱ ብዙ ጊዜ በጠቆረ ቀለም መሣላቸው ብርቱ ነቀፌታ አስከትሏል። ታሪኩን ለማዳን የተነሣው ሥዕል፣ ሳይታሰብ የቆዳ ቀለምን የክፋት ምልክት አደረገው።

በጎጃም ተመሳሳዩ አደጋ የሚገኘው በጅቡ ላይ ነው። በዚህም አካባቢ ሆነ በሌሎች የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍሎች ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ የማራቅ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎም የማማት ልማድ ለረጅም ጊዜ ኖሯል፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለትም አይቻልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የልማዱን ሥር መስደድ ያስረዳል። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን፣ ባለቤቱም እንስራዋንና ድስቷን የሚገዙት ግን ከእነዚሁ ባለሙያዎች ነው። ሠዓሊው ለቀልድ ያህል ለጅቡ መዶሻና ወናፍ ቢያስይዘው፣ ወይም የጅቡን ጎጆ በሸክላ ቢከበው፣ በአዋጅ የተከለከለውን ስድብ በሥዕል መልሶ ያስገባዋል። በክፍል ውስጥ ያንን ገጽ ከጓደኞቹ ጋር የሚገልጠው የቀጥቃጭ ልጅ በዚያች ቅጽበት የሚደርስበትን ማንም መምህር በኋላ በምክር ሊመልሰው አይችልም።

ስለዚህ የነባሩን ሥዕል ጥበብ መውረስ ማለት ደንቡን ሁሉ እንዳለ መገልበጥ ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ክፉውን በአንድ ዐይን የሚለየው ፍርዱ አስቀድሞ የተሰጠ ስለሆነ ነው። በተረት ግን ፍርዱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ አያ ጅቦ እስኪሰርቅ ድረስ እንግዳ ነው። እንግዲህ ጅቡ በመጀመሪያው ገጽ በሁለት ዐይኖቹ ቢታይና ጥፋቱ በሙያው ወይም በመልኩ ሳይሆን በድርጊቱ ቢገለጥ፣ ሕፃኑ መፍረድን ራሱ ይማራል። ረቂቁ ሥዕልም ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ጽሑፍ ሳይጨመርበት ለገጠር ተማሪዎችና ተረቱን ለሚያውቁ አያቶች ቢቀርብ፣ ማን ደግ፣ ማን ክፉ መስሎ እንደታያቸውና ምክንያቱም ምን እንደሆነ ቢጠየቁ፣ የተደበቀ ስድብ ካለ በወቅቱ ይገለጣል። አያቶች በእሳት ዳር ያወረሱት ተረት ለሁሉም ሕፃን እኩል የተነገረ ነበር፤ ሥዕሉም ለሁሉም እኩል ሊከፈት ይገባዋል።