የቡናችን ዋና ገንዘብ

ቡናችን ለልጅ ልጅ ይዘልቃል ወይ ብለው የሚመዝኑ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት የዘንድሮውን ምርት፣ የማሳውን ስፋትና የማጠቢያውን ውኃ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ይሆናል፣ አስቀድሜ የምጠይቀው ዋናው ገንዘብ የት እንደ ተቀመጠ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

በ1869 የቅጠል ዋግ ሴሎንን፣ የዛሬዋን ስሪላንካን፣ መታ። ደሴቲቱ በዚያን ዘመን ከዓለም ታላላቅ ቡና አምራቾች አንዷ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ግን ኮረብታዎቿን ሻይ ለበሳቸው። ቡናው ከሩቅ የመጣ፣ ዘሩም የጠበበ ስለ ነበር ዋጉን የሚችል ዘመድ በአጠገቡ አልነበረውም።

በ1922 በኬንያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ደግሞ በ1971 ኢትዮጵያ ገባ። እሸቱን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ ክፉ በሽታ ነው። የሚረጭ መድኃኒት ቢኖርም በጓሮው ጥቂት እግር ቡና ብቻ ያለው ሰው በየዓመቱ ደጋግሞ የሚረጨውን በምን አቅሙ ይገዛል? የጅማ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ወደ ጫካ ዞሩ። በደቡብ ምዕራቡ ደን ውስጥ ጎረቤቱ ጠቁሮ ሳለ እርሱ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሩን ለቀሙ፤ ፈትነውም ለገበሬ አደሉ። 74110፣ 74112፣ 74165 የሚባሉት ዝርያዎች እንዲህ ተገኙ። መነሻቸው «74» የተሰበሰቡበትን 1974ን ያመለክታል። ለገጣሚ ደረቅ ስም ነው፤ ለእኔ ግን የሒሳብ ቁጥር ስለሚመስለኝ እወደዋለሁ።

ሴሎን ያጣችው፣ እኛ ግን የነበረን ይህ ጫካ ነው። ዋና ገንዘብ ያልኩትም እርሱን ነው።

ዋናውን የሚጠብቀው ግን ገበሬው ነው፤ ገበሬውም መብላት አለበት። በ1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ፤ በ2001 የዓለም ገበያ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ ቀድሞም የተጀመረው ቡና ነቅሎ ጫት መትከል በዚያ ጊዜ ተባባሰ። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገዢውም ቅርብ ነው። ያንን ገበሬ የሚወቅሱ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ቀለቡን ሳልሸፍንለት ልወቅሰው አይቻለኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ምርት እንዲጨምር ጥላው ሲሳሳና ቁጥቋጦው ሲመነጠር፣ በበቀለው ወፍ ዘራሽ ቡና ምትክም የተመረጠው ዝርያ ሲተከል፣ ከጫካው የወጣው ወለድ ተመልሶ ዋናውን ይበላል። የዚያን ዓመት መዝገብ ቢያዩት ትርፍ ያሳያል! የሚቀጥለው በሽታ ሲመጣ ግን ባለሙያው ጤነኛውን ዛፍ የሚፈልግበት ደን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማንኛውም ምዘና፣ ገበሬው ለሸጠው ኪሎ ብቻ ሳይሆን ላልቆረጠው ዛፍ ምን ተከፈለው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

እስከ ዛሬ የሆነውን ለማየት የጌሻን ቡና ማንሳት ይበቃል። ዘሩ በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተለቅሞ በታንዛንያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ። በ2004 በፓናማ ጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ። በዚያ ሽያጭ የጌሻ ጫካ ጠባቂ ድርሻ አልነበረውም።